እማዬን ከኮሮና ስደብቅ

በ2018 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ ጂንካ ውስጥ ማርበርግ የሚባል በሽታ መገኘቱ በተነገረ ማግስት፣ ስልኬ ላይ አንድ የድምፅ መልእክት ገባ። የላከችልኝ የአክስቴ ልጅ ናት። አንዲት ሴት በተጨነቀ ድምፅ ታወራለች። «ሆስፒታል የምትሠራ ጓደኛዬ ነግራኝ ነው፤ እየደበቁን ነው እንጂ በሽታው ገና ድሮ ገብቷል...» እስከ መጨረሻው አልሰማሁትም። ከዚያ በፊት ሰምቼው ነበር፣ መጋቢት 2012 ላይ። ያኔ ሴትዮዋ ሌላ ነበረች፣ በሽታውም ሌላ ነው። ወሬው ግን ቃል በቃል ያው።

በዚያን ጊዜ ሰምቼ ዝም አላልኩም። ስልኬ ላይ ላለው ሰው ሁሉ አዳረስኩት። ከዚያም ሌላ ብዙ ጥፋት ሠራሁ። እናቴ ሞት አፋፍ የደረሰችው በኮሮና አይደለም፤ በእኔ ነው። ከኮሮና ላድናት ብዬ ነው ደግሞ። ስድስት ዓመት ሊሞላው ነው፣ እስካሁን ለሰው የማወራው ቀንሼ ነው። ዛሬ ሳልቀንስ ልጻፈው። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ አስም ያለበት ሰው ቤታችሁ ካለ በተለይ ለእናንተ ነው።

የምኖረው ሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ ነው። ፊት ለፊት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ከኋላ ደግሞ አምስት ሰርቪስ ክፍሎች። ተከራዮቼ በብዛት ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠሩ ልጆች ናቸው። ቧንቧው አንድ፣ ሽንት ቤቱ አንድ ነው። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ከወር ሃያውን ቀን መንገድ ላይ ነው። እማዬ ያኔ 67 ዓመቷ ነበር። ስኳር ከያዛት አሥራ አንድ ዓመት አልፏታል፤ ኢንሱሊን ጠዋትና ማታ ትወጋለች።

ዓርብ መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው ሰው ተገኘ ተባለ። ከቡርኪናፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ። ሱቅ ውስጥ ሆኜ በሬዲዮ ሰማሁት። በዚያው ምሽት ሰፈሩ በሙሉ ስለ አንድ ጃፓናዊ ያወራ ነበር፤ ምን እንደበላ፣ የት እንዳደረ፣ ማንን እንደጨበጠ። ሰውየው አዲስ አበባ ነው፣ እኛ ሐዋሳ ነን፣ መሐላችን 275 ኪሎ ሜትር አለ። ግን ማን ይሰማል? በማግስቱ ፍቅር ሐይቅ ጋ ልጆች አንድን ፈረንጅ «ኮሮና! ኮሮና!» እያሉ ሲከተሉት አየሁ። ትልልቅ ሰዎች ቆመው ይስቃሉ። ከሳቁት አንዷ እኔ ነኝ።

ከዚህ የባሰም አደረግሁ። ፓርኩ ውስጥ የሚሠራ አንድ የእስያ ሰው ነበር። ማታ ማታ ወደ ቤቱ ሲያልፍ ውኃ የሚገዛው ከኔ ነው። አማርኛው «ውኃ»፣ «ስንት» እና «አመሰግናለሁ» ብቻ ነው። ሰኞ ማታ መጣና «ውኃ» አለኝ። «የለም» አልኩት። ውኃው ከጀርባዬ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። አየው፣ እኔንም አየኝ። «አመሰግናለሁ» ብሎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም።

በዚያው ሰኞ፣ መጋቢት 7፣ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ሁለቱ ልጆቼ ቤት ዋሉ። ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ተቀላቅለውብኛል። ሳሙና ጠፋ፣ አልኮል ጠፋ፣ ማስክ ሲገኝ ዋጋው የማይቀመስ ሆነ። ስልክ ስትደውሉ ከጥሪው በፊት እጃችሁን ታጠቡ የሚል መልእክት ይመጣል። ሰው በክርኑ ሰላም ይባባላል። በየሱቁ በር ላይ ቧንቧ የተገጠመለት ባልዲ ተቀመጠ፤ መጀመሪያ ሰሞን ሰው ተሰልፎ ይታጠብ ነበር። እኔም ባልዲ አስቀመጥኩ። ሦስት ካርቶን ሳሙና ግን ከሱቅ አውጥቼ አልጋዬ ሥር ደበቅሁ። ባልዲው አጠገብ ያለው ሳሙና ሲያልቅ «አልቋል» እላለሁ። እስቲ አስቡት፤ ሰፈሩ በሙሉ እጁን ካልታጠበ እኔ አልጋዬ ሥር ያለው ሳሙና ምን ያደርግልኛል? በሽታው የሚመጣብኝ ከሰፈሩ ሰው እጅ ነው። ይህን ለመረዳት የተማረ ሰው መሆን አያስፈልግም ነበር። ፍርሃት ግን ቀላሉን ነገር ነው መጀመሪያ የሚወስድባችሁ።

ስልኩ ደግሞ አያርፍም። ዛሬ ማታ በሄሊኮፕተር መድኃኒት ስለሚረጭ ልብስ ከገመድ ላይ አንሡ የሚል መጣ። አነሣሁ። ሙቅ አገር አይገባም፣ ስለዚህ ሐዋሳ አያሰጋትም የሚል መጣ። ደስ አለኝ። በነጋታው ሐዋሳ ገብቷል የሚል መጣ፣ እሱንም አመንኩ። ሁለቱን ባንድ ላይ እንዴት እንዳመንኩ አትጠይቁኝ። ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ሎሚ። የነጭ ሽንኩርት ዋጋ በጥቂት ቀን ውስጥ እጥፍ ሆነ።

አሁን አንድ ልማድ አለኝ። የድምፅ መልእክት ሲመጣ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ፤ የተናገረው ሰው ስሙ ማነው? የተናገረው መቼ ነው? የት ሆኖ ነው? ሦስቱም ከሌሉት ከኔ ስልክ አይወጣም። «ጓደኛዬ ሆስፒታል ትሠራለች» ስም አይደለም። ያኔ በየቀኑ ቁጥሩን ለሕዝብ የሚናገሩት አዲሷ የጤና ሚኒስትር ዶክተር ሊያ ታደሰ ነበሩ። ስም አላቸው፣ ቀን አለው፣ ቦታ አለው። በቀን አንዴ እሱን ሰምቼ ስልኬን ባስቀምጥ ኖሮ ግማሹ ጥፋቴ አይኖርም ነበር።

ወደ እማዬ ልመለስ። የሆስፒታል ቀጠሮዋ መጋቢት 12 ነበር። ስኳሯን ይለካሉ፣ ሐኪም ያያታል፣ የወር ኢንሱሊን ይሰጡናል። እኔ ግን ሆስፒታል ማለት የኮሮና ቤት መሰለኝ። ዕድሜዋ የገፋና ስኳር ያለበት ሰው በዚህ በሽታ ይበልጥ ይጎዳል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ይህ እውነት ነው። ከእውነቱ ተነሥቼ የደረስኩበት ድምዳሜ ነው የተበላሸው። «ዘንድሮ ቀጠሮ የለም» አልኳት። «መድኃኒቱስ?» አለችኝ። «አብቃቅተን እንጠቀማለን» አልኩ።

ማብቃቃት ያልኩት ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። የቀረው ኢንሱሊን ለአሥር ቀን ያህል ነው። መጠኑን በግማሽ ቀነስኩት። የማዘጋጅላት እኔ ነኝ፣ ዐይኗ ስለደከመ መርፌው ላይ ያለውን መስመር አታይም። አልነገርኳትም። በዚያ ላይ ከሥራ ተመልሼ መለካት ስለሰለቸኝ፣ የመለኪያው ወረቀትም ውድ ስለሆነ፣ ስኳሯን መለካት አቆምኩ።

ይህ ሳያንስ ማር ጀመርኩላት። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ተወቅጦ፣ ሎሚ ተጨምቆበት፣ በማር ተለውሶ፣ ጠዋት አንድ ሲኒ፣ ማታ አንድ ሲኒ። «ልጄ፣ እኔ ስኳር አለብኝ እኮ» አለችኝ የመጀመሪያው ቀን። ምን እንደመለስኩላት አስታውሳለሁ። «ማር ተፈጥሮ ነው፣ ስኳር አይደለም።» ጾም ስለነበር ሌላው ምግብ ቀለል ያለ ነው፣ ማሩ ግን አይቀርባትም። እንቢ ስትል እቆጣታለሁ። ልክ እንደ ሕፃን በማንኪያ ያጎረስኩበት ቀን አለ።

ማር ደም ውስጥ ሲገባ ስኳር ነው። የጫካም ይሁን የጓሮ፣ የተጣራም ይሁን ከሰፈፉ። ነጭ ሽንኩርት ወጥ ያጣፍጣል፣ ቫይረስን ግን አያቆምም። ስኳር ላለበት ሰው «ምንም አይል፣ ባህላዊ ነው» ብላችሁ የምትሰጡትን ነገር ሁሉ መጀመሪያ ሐኪሙን ወይም ፋርማሲስቱን ጠይቁ።

ሦስተኛዋ ክፍል ውስጥ አንዲት የወላይታ ልጅ ነበረች። ፓርኩ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች፤ ሃያ ዓመት ይሆናታል። ዝምተኛ ናት፣ የቤት ኪራይ አንድ ቀን አሳልፋ አታውቅም። በዚያ ሰሞን ፋብሪካዎቹ ሥራ እየቀነሱ አንዳንዶቹን ልጆች እረፍት ውጡ ብለዋቸው ነበርና ቤት ትውላለች። ማታ ማታ ስትስል ይሰማኛል። ግድግዳው ቺፑድ ስለሆነ እንኳን ሳል ትንፋሽ ያሰማል። እኔ ደግሞ በረኪና በባልዲ በጥብጬ ግቢውን በቀን ሦስቴ እረጫለሁ። አንድ ቀን እንዲያውም ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ቀላቀልኩት። ሽታው ልጆቼን እያስለቀሰ ከቤት አስወጣቸው። ይህን ፈጽሞ እንዳትሞክሩ። ሁለቱ ሲቀላቀሉ የሚወጣው ጭስ ሳንባ የሚጎዳ መርዝ ነው።

በአራተኛው ቀን ቧንቧው ጋ ጠብቄ ያዝኳት። ጀሪካን እየሞላች ነበር። «የኔ እህት፣ እናት አለችኝ፣ ስኳር አለባት፣ ታውቂያለሽ» አልኳት። ሌላ ነገር አላልኩም፣ ገባት። «እሺ እትዬ» አለች። አገር አቋራጭ መኪና ሊቆም ነው እየተባለ ነበር፤ ክልሎችም አንድ በአንድ መዝጋት ጀምረዋል። በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ አንድ ቦርሳ ይዛ ወጣች። ፍራሿና ጀሪካኗ ቀሩ። የወሩን ኪራይ ቀድማ ከፍላለች፣ አልመለስኩላትም። የተጨናነቀ አውቶቡስ ውስጥ ሰድጃት፣ በሽታው ቢኖርባት እንኳ ስንቱን ሰው ታስይዛለች የሚለው ያኔ አልመጣልኝም። ከግቢዬ ትውጣልኝ ብቻ ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ደንብ ተከራይን ማስወጣትም ኪራይ መጨመርም ተከለከለ። ሬዲዮው ይህን ሲያነብ ሱቅ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ድምፁን ቀነስኩት።

እማዬ ውኃ ማብዛት የጀመረችው በዚህ መሐል ነው። ጆጉን አጠገቧ አስቀምጣ ትጠጣለች። ሌሊት አምስት ስድስት ጊዜ ወደ ሽንት ቤት ትወጣለች። እኔ ደስ አለኝ። ሎሚው መርዙን እያጠበው ነው ብዬ! ስኳር ያለበት ሰው ቤት ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ኖሬ፣ ውኃ ጥምና ሽንት ማብዛት ምን ማለት እንደሆነ ጠፋኝ። አልጠፋኝም እንኳ። ዐይኔ ሌላ ነገር ብቻ እየፈለገ ስለነበር አላየሁትም። ሳል አለ? የለም። ትኩሳት አለ? የለም። እግዚአብሔር ይመስገን።

እሑድ መጋቢት 27 በአገራችን የመጀመሪያዋ ሰው በኮሮና መሞቷ ተነገረ። የ60 ዓመት ሴት ናት። እማዬን ዞር ብዬ አየኋት። ከስታ ነበር። ከዚያች ቀን ጀምሮ ከአልጋዋ መነሣት አቃታት። ረቡዕ መጋቢት 30 አስቸኳይ ጊዜ ታወጀ። ከሆሳዕና በፊት ባሉት ቀናት ማስመለስ ጀመረች። ከዚያ ትንፋሿ ተለወጠ፤ እንደሮጠ ሰው ቶሎ ቶሎ፣ በረጅሙ ትተነፍሳለች። ያዛት አልኩ። በቃ፣ ያዛት።

ያን ጊዜ ማድረግ የነበረብኝ ግልጽ ነው። ያደረግሁት ግን በሩን መዝጋት ነው። ለተከራዮቹ «ጨጓራዋ ተነሥቶባት ነው» አልኳቸው። ልጆቼን ጎረቤት አስቀመጥኩ፣ ምክንያቱን ሳልናገር። የፈራሁት ሞቷን ብቻ አልነበረም። ነጭ የለበሱ ሰዎች አምቡላንስ ይዘው ሲመጡ፣ ሰፈሩ በር ላይ ተሰብስቦ ሲያይ፣ ለይቶ ማቆያ ወስደዋት ብቻዋን ስትሞት፣ እድሩ እንኳ እንዳይቀብራት ሲሆን፣ ያ ሁሉ ዐይኔ ላይ ይመጣል። እሷን የደበቅኩ መስሎኝ ሁለት ቀን ሕክምና ደበቅኩባት።

ሰኞ ሌሊት፣ የሰሙነ ሕማማት መጀመሪያ፣ በሞተችው እህቷ ስም ጠራችኝ። «መጣሽ?» አለችኝ። ወጥቼ ግቢው መሐል ቆምኩ። ከዚያ 8335 ደወልኩ። አይገባም። 952 ደወልኩ። አይገባም። ስንት ጊዜ እንደሞከርኩ አላውቅም፣ በመጨረሻ አንድ ወጣት የሚመስል ሰው አነሣ። ትኩሳት፣ ሳል፣ ከውጭ የመጣ ሰው ጋር መገናኘት፣ እነዚህን በተራ ጠየቀኝ። ሁሉንም የለም አልኩ። «ሌላ ሕመም አለባቸው?» አለኝ። ስኳር አልኩት።

«ዛሬ ስኳራቸውን ለክተዋል?»

ዝም አልኩ። ሰውየው መስመሩ የተቋረጠ መስሎት «ሄሎ፣ ሄሎ» ይላል። መለኪያው መሳቢያ ውስጥ ነው። ሁለት ወረቀት ቀርቶታል። ስልኩን ሳልዘጋ ገብቼ ጣቷን ወጋሁ። ማሽኑ ቁጥር አልጻፈም፣ በእንግሊዝኛ «ሃይ» የሚል ብቻ። ማሽኑ ከሚለካው በላይ ሲሆን እንዲህ ይላል። ነገርኩት። «አሁኑኑ ሆስፒታል ይውሰዷቸው፤ እስኪነጋ አይጠብቁ» አለኝ።

የጎረቤቴ ልጅ ባጃጅ አለው። በሩን ስቆረቁር ምን እንደምለው አላወቅኩም። ጨጓራ ልበለው? በመጨረሻ እውነቱን ነገርኩት፤ «ስኳሯ ነው፤ ኮሮናም ሊሆን ይችላል፤ አላውቅም» አልኩት። ትንሽ አሰበ። ፎጣ አፉ ላይ አሰረ፣ የባጃጁን የጎን ሸራ በሁለቱም በኩል ጠቅልሎ ከፈተው፣ «ግቢ» አለኝ። ያ ልጅ የዚያን ሌሊት ያደረገው ከሰማሁት ምክር ሁሉ ይበልጣል። አልሸሸም፣ አልተዳፈረምም። አፉን ሸፈነ፣ አየር አስገባ፣ ነዳ።

ሆስፒታሉ በር ላይ ሙቀት ለኩን፣ ለብቻ የተዘጋጀ ድንኳን ውስጥ አስገቡን። አንድ ወጣት ሐኪም መጣ። «እናትዎ ኢንሱሊን አቋርጠው ነበር?» አለኝ። አላቋረጠችም አልኩት። ከዚያ አፌ አልዘጋ አለኝ። በግማሽ እንደቀነስኩ፣ ቀጠሮ እንደቀረን፣ ማሩን፣ ሁሉንም ነገርኩት። «ማሩ በቀን ስንት ማንኪያ ይሆናል?» አለ እየጻፈ። ስቆጥረው አሥር ገደማ ሆነ። ቀና ብሎ አየኝና መልሶ ጻፈ። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ያ ትንፋሽ የሳንባ በሽታ አልነበረም። ኢንሱሊን ሲያንስ ሰውነት ስኳሩን መጠቀም ያቅተውና ስብ ማቃጠል ይጀምራል፣ ደሙ አሲድ ይሆናል፣ ያን አሲድ ለማስወጣት ነው እንደዚያ በረጅሙ የሚተነፍሰው። ሐኪሙ እንዲህ ነው ያስረዳኝ። የሚታከም ነው፤ በደም ሥር በሚሰጥ ፈሳሽና በኢንሱሊን። ሰዓት ካለፈ ግን ይገድላል። እማዬ ሦስት ቀን ራሷን አላወቀችም። ለኮሮና ናሙና ተወስዶ ነበር። ውጤቱ ነፃ ሆነ።

ሚያዝያ 11 ፋሲካ ነበር። ሆስፒታል ነው ያሳለፍነው። ሕዝቡ ቤቱ ሆኖ በቴሌቪዥን እንዲከታተል ስለተባለ ከተማው ፋሲካ አይመስልም ነበር። ከሩቅ የደወል ድምፅ ብቻ ይሰማል። እማዬ ዐይኗን ገልጣ «ጾሙ ተፈታ?» አለችኝ። ተፈታ አልኳት። «ማር እንዳታመጪ ብቻ» አለች። አጠገባችን ያለችው አስታማሚ እስክትደነግጥ ድረስ ሳቅሁ፣ ከዚያ አለቀስኩ።

ስንወጣ የሦስት ወር መድኃኒት ሰጡን። ያኔ ይህን ያደርጉ የነበረው እንደኛ ያሉ ሕመምተኞች ቶሎ ቶሎ እንዳይመላለሱ ነው። ቀጠሮው ቀን ሄጄ ብጠይቅ ኖሮ ምናልባት ያኔም ይሰጡኝ ነበር። ቢያንስ ስልክ ደውዬ መጠየቅ እችል ነበር። ለዚህ ነው ሰው ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የምለው፤ ወረርሽኝ ሲባል ከሳሙናም ከዘይትም በፊት መድኃኒት ቁጠሩ። ለስንት ቀን እንደሚበቃ ወረቀት ላይ ጻፉ። ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ተንቀሳቀሱ። ማስክ አድርጋችሁ፣ ሰው ባልበዛበት ሰዓት፣ አስፈላጊ ከሆነ ታማሚው ቤት ቀርቶ እናንተ ካርዱን ይዛችሁ ሂዱ። መጠን ቀንሶ ማብቃቃት የሚባል ነገር በኢንሱሊን የለም። ሌላው ደግሞ፣ ታማሚው ሲለወጥባችሁ የድሮ በሽታውን መጀመሪያ ጠርጥሩ። አዲሱ በሽታ ስለመጣ አሮጌው አገር ለቅቆ አይሄድም።

ቤት ስንመለስ ደግሞ የኔ ተራ ሆነ። ከሆስፒታል መምጣታችን ታውቋል። ውጤቱ ነፃ ነው ብል የሚያምነኝ የለም፤ «ደብቀውላት ነው» ተባለ። በዚያ ላይ ግንቦት ላይ የጅቡቲ መስመር ሹፌሮች በበሽታው መያዛቸው ሲነገር ባለቤቴ በዚያ መስመር እንደሚሠራ ሰፈሩ ያውቃል። ሱቄ ጭር አለ። ለዓመታት አብረን ቡና የጠጣን ሰዎች ማዶ ማዶውን ያልፋሉ። አንድ ሕፃን ከረሜላ ሊገዛ መጥቶ እናቱ ከሩቅ ስትጠራው ብሩን ባንኮኒው ላይ ጥሎ ሮጠ። አልተቀየምኩም ልል አልችልም። ተቀየምኩ። ግን ውኃው ከኋላዬ ተደርድሮ «የለም» ያልኩት ሰውዬ ፊት ይመጣብኛል።

ያን ሁሉ ጊዜ አንዲት ጎረቤት፣ እድሜያቸው ከእማዬ የማያንስ፣ በሁለት ቀን አንዴ በራችን ላይ ዳቦ በፌስታል አንጠልጥለው ይሄዱ ነበር። አይገቡም። ከአጥሩ ወዲያ ሆነው «ዛሬ እንዴት አደረች?» ይላሉ፤ መልሱን ሰምተው ይሄዳሉ። መራቅና መተው ልዩነት እንዳላቸው ያየሁት በእሳቸው ነው። ሁለት ሜትር ቆሞም መጠየቅ ይቻላል።

አልጋዬ ሥር የነበረውን ሳሙና አወጣሁ። ቧንቧው ጋ በገመድ አንጠለጠልኩት። ከተከራዮቹ ጋር ተቀምጠን ተነጋገርን፤ አንድ ሰው ቢያመው ሦስተኛዋ ክፍል ለእሱ ትሁን፣ ምግብ በር ላይ ይቀመጥለት፣ ሽንት ቤት ሲጠቀም ራሱ ያጽዳ፣ ማንም እንዳይባረር። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። እንደኛ አንድ ቧንቧና አንድ ሽንት ቤት የሚጋራ ግቢ ውስጥ የምትኖሩ ይህን የምትነጋገሩት ሰው ከመታመሙ በፊት ቢሆን ይሻላል። ከታመመ በኋላ ሁሉም ዳኛ ነው።

ሦስተኛዋን ክፍል አላከራየኋትም ነበር። እማዬ «ያቺ ልጅ የት ሄደች?» እያለች ትጠይቀኛለች። ነሐሴ ላይ ከጓደኛዋ ስልኳን አገኘሁና ደወልኩ። ድምፄን ወዲያው አወቀችው። መጀመሪያ የጠየቀችኝ እማዬን ነው። ነገርኳት። ከዚያ ኪራዩን በባንክ ልላክልሽ አልኳት፣ ቁጥሩን አልሰጠችኝም። ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት። ትንሽ ዝም አለች።

«ጉንፋን ነበር እኮ እትዬ» አለች። «ያባባሰው በረኪናው ነው።»

ፍራሿን ለሚገባው ሰው እንድሰጠው ነገረችኝ። ወደ ሐዋሳ አልተመለሰችም።

አሁን ሦስተኛዋ ክፍል ውስጥ ሌላ ልጅ አለች፣ እሷም ፓርክ ነው የምትሠራው። ባለፈው ኅዳር፣ ያ የድምፅ መልእክት በመጣ በሦስተኛው ቀን፣ ትኩሳት ይዟት እየተንቀጠቀጠች ከሥራ ገባች። ግቢው ተረበሸ። አንዷ ተከራይ «ማርበርግ» ስትል ሰማሁ። ልቤ ደረቴን መታው፣ አልዋሽም። ተቀምጬ አሰብኩ። ማርበርግ የሚተላለፈው የታመመን ሰው ደም፣ ትውከትና ሌላ የሰውነት ፈሳሽ በመንካት ነው፤ እንደ ኮሮና በትንፋሽ አይደለም። ልጅቷ ከሐዋሳ አልወጣችም፣ ለቅሶ አልደረሰችም፣ በሽተኛ አልነካችም። በር ላይ ቆሜ መቼ እንደጀመራት፣ ምን እንደበላች፣ አጎበር ትጠቀም እንደሆነ ጠየቅኳት። ማስክ አደረግን፣ ባጃጅ ጠራሁ፣ ጤና ጣቢያ ሄድን። ደሟ ታየ። ወባ ነው።

መድኃኒቷን ይዘን ስንመለስ እማዬ በረንዳው ላይ ብርድ ልብስ ደርባ ተቀምጣለች። ልጅቷን ከላይ እስከ ታች አየቻትና ወደኔ ዞረች።

«ስኳሯንስ ለክታችኋል?» አለችኝ።